ገላጣ ፊልትሮ ያለውን ሞተር በክረምት መንዳት፦ ለባሕር ዳር አሽከርካሪ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ዝናብ ሲነካው ሞተሬ ይቆራረጣል። ፊልትሮውን በፌስታል ጠቀለልኩት፤ ጭራሽ ጠፋብኝ። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ፌስታሉን ፍቱት። ከዚያ ይህን አንብቡ።

መመሪያው የፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ቤቱ ለተነሳ ወይም ለተሰበረ፣ ፊልትሮው ራቁቱን ካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለው ክፍል) አፍ ላይ ለታሰረ ሞተር ነው። ቦክሰርም ይሁን አፓቼ፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ያማሃም ይሁን ሥራው ያው ነው። ግር እንዳይላችሁ፦ «ሞተር» ስል ሞተር ሳይክሉን ነው። ውስጡን «ኢንጂን» እለዋለሁ።

ለምን እንቢ ይላል?

ሦስት ስህተቶች አሉ። ሦስቱንም ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ፌስታሉ ነው። ባለ አራት ምት 150 ሲሲ ኢንጂን በየሁለት ዙሩ አንዴ ወደ 150 ሚሊ ሊትር አየር ይስባል። በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር ሒሳቡ እስከ 450 ሊትር ይደርሳል። በአንድ ደቂቃ ከሁለት በርሜል በላይ አየር ማለት ነው። ይህ ሁሉ በፌስታል ቀዳዳ አያልፍም። እኔ የሞከርኩት ነሐሴ ላይ፣ ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማ ስመለስ ነበር። ነዳጅ ስሰጠው ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተሳበና ፊልትሮው ላይ እንደ ቆዳ ተለጠፈ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ድልድዩ ላይ ዝም አለ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሞተር እየገፋ የተሻገረው ሰው ቁጥሩን አይረሳም።

ሁለተኛው ስህተት ዝናብ ከላይ ብቻ ይመጣል ብሎ ማሰብ ነው። ቆማችሁ ከሆነ ልክ ነው። እየነዳችሁ ከሆነ ግን ፊልትሮውን የሚያርሰው በአብዛኛው ጎማው ከመንገድ አንስቶ የሚረጨው ውሃ ነው። ከላይ የሚወርደው ንጹሕ ነው፤ ከታች የሚመጣው ጭቃ አለበት።

ሦስተኛው፣ ስፖንጁን ዘይት ሳይቀቡ ደረቁን ማሰር። ደረቅ ስፖንጅ ዕቃ ማጠቢያ ነው። ውሃ ይጠጣል።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይጨመርበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከቆላው ስስ ነው። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ ከተስተካከለ እዚህ ቀድሞውኑ ቤንዚን ያበዛል። ፊልትሮው ሲርስ አየሩ ይበልጥ ያንስና ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) በጥላሸት ይታነቃል።

ከሁሉ በፊት፦ ቤቱ አይመለስም?

ሐቁን ልንገራችሁ። ከፋብሪካ የመጣውን የፊልትሮ ቤት የሚያህል መከላከያ በእጅ አይሠራም። አየር የሚስብበት አፍ ውሃ በማያገኘው ቦታ ነው ያለው። ታች ደግሞ የገባው ውሃ የሚወጣበት ቱቦ አለው። ድምፁ ያምራል ብላችሁ ካነሳችሁትና ቤቱ የሆነ ጥግ ተጥሎ ካለ፣ ዛሬውኑ መልሱት። የተሰነጠቀው የቤቱ የጎማ አፍ ብቻ ከሆነ ጎማውን ግዙ። ለዚያ ሰው መመሪያው እዚህ ያበቃል።

ቤቱ ጠፍቷል? የሞተሩ መለዋወጫ ከገበያ ወጥቷል? እንቀጥል።

ደረጃ 1፦ ፊልትሮውን ለዩ

ፍቱትና በእጃችሁ ያዙት። ከሦስቱ አንዱ ነው።

ወረቀት ከሆነ ለገላጣ ቦታ አይሆንም። አይታጠብም፣ ዘይት አይቀባም፣ ሲርስ ያብጥና ይቀደዳል። ቀይሩት።

ስፖንጅ ከሆነ ጥሩ ነው። ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ርሶም ቢሆን መንገድ ላይ ጨምቃችሁ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ። ለእኛ ክረምት እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

በሽቦ መረብ መሃል የተያዘ ጥጥ ከሆነም ይሠራል፤ የራሱን ዘይት ካገኘ ብቻ። ስትገዙ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ እዩት። ደረቁ ጥጥ ብርሃኑን በስሱ፣ እኩል ማሳለፍ አለበት። ጥርት ያሉ ቀዳዳዎች ከታዩ አሸዋም በዚያው ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ «ኦሪጂናል» ተብዬ የገዛሁት ገና ሳጥበው ቀዩ ቀለም መዳፌ ላይ ቀረ። ውስጡ ቀለም የተነከረ ካርቶን ነበር።

ደረጃ 2፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

1. ነጭ ካርቶን ውሰዱ። የጫማ ሳጥን ውስጡ ነጭ ከሆነ ይበቃል።
2. አራት ቁራጭ ቁረጡ። ከፊልትሮው ፊት፣ ኋላ፣ ታችና ውጪ በኩል አንድ አንድ እሰሩ። ፊልትሮውን እንዳይነኩ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) እና ከሰንሰለቱ እንዲርቁ አድርጉ።
3. ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አስፋልቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ለአምስት ደቂቃ ንዱ።
4. አውርዳችሁ ጎን ለጎን ደርድሯቸው።

የእኔ ሲወርድ የፊቱ ካርቶን ሦስት አራት ነጠብጣብ ብቻ ነበረበት። የኋላው ግን ከታች ወደ ላይ በተፈናጠቀ ጭቃ ተዥጎርጉሮ ነበር፤ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ ያመለክታሉ። ለወር ያህል የለፋሁት በፊት በኩል ለመከለል ነው። ጠላቴ ከኋላዬ ነበር።

የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ካርቶኖቹን አትጣሏቸው፤ ለደረጃ 6 መቁረጫ ልክ ይሆናሉ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ አዘጋጁ

- ባዶ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን
- ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ)፣ ሁለት እጅ ስፋት ያህል
- አዲስ ፋሼታ (ጎማውን የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት)፣ ለካርቡሬተሩ አፍ ልክ የሆነ
- ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ
- ፈሳሽ ሳሙና፣ የፊልትሮ ዘይት
- አራት ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ
- ትርፍ ካንዴላ
- ትርፍ ፊልትሮ

ትርፍ ፊልትሮው ቅንጦት አይደለም። ሐምሌ ላይ ስፖንጅ በአንድ ቀን አይደርቅም። አንዱ ሲሠራ አንዱ ይደርቃል።

ደረጃ 4፦ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቀቡ

ስፖንጁን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። በመዳፍ ጨምቁት እንጂ እንደ ልብስ አትጠምዝዙት፤ በማጣበቂያው በኩል ይቀደዳል። በቤንዚን አትጠቡ። ማጣበቂያውን ይፈታዋል፣ እሳትም አለው። አሮጌው ዘይት አልለቅ ካለ በአዲስ ሳሙና ድገሙት። ሥራውን ጣና ዳር ወርዳችሁ አትሥሩት፤ ያ ጥቁር ዘይት ሐይቁ ውስጥ ነው የሚቀረው።

የጥጡን ዓይነት ከውስጥ ወደ ውጪ በቀስታ በሚወርድ ውሃ አለቅልቁ። በኮምፕሬሰር አትንፉት። ጥጡን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ በዓይን አይታይም።

ስታደርቁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቁሙት። የደንገል ታንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው ውሃውን እንደሚያንጠፈጥፉት ማለት ነው። ፀሐይና ምድጃ ስፖንጁን ከልክ በላይ ያደርቁታል፤ ከዚያም ይፈረፈራል። ጨምቃችሁ መዳፋችሁ ትንሽ እንኳ ከረጠበ ዘይት አትቀቡ። ዘይትና ውሃ ስፖንጅ ውስጥ ተቀላቅለው ነጭ ለጥላጣ ነገር ይሆናሉ።

አሁን ዘይቱ። የፊልትሮ ዘይት ካለ እሱን፣ ከሌለ ለስፖንጅ ብቻ ወፍራም የኢንጂን ዘይት። ጠብ ጠብ አድርጉበትና በሁለት መዳፍ እያሻችሁ አዳርሱት፤ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ደህና አድርጋችሁ ጨምቁት። ነጭ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ላይ እርጥበት እንጂ ኩሬ መኖር የለበትም። ኩሬ ካለ በዝቷል፤ እንደገና ጨምቁ። የበዛ ዘይት እንደ ውሃው ሁሉ አየር ይዘጋል።

ለጥጡ የራሱን ስስ ዘይት ብቻ፣ በየእጥፋቱ አንድ መስመር። ሃያ ደቂቃ ጠብቃችሁ ነጭ የቀረበትን ቦታ ሙሉት።

ደረጃ 5፦ አፉን አጥብቁ

ፊልትሮው ምርጥ ሆኖ አፉ ከላላ ድካሙ ከንቱ ነው። ውሃው ፊልትሮውን አልፎ በጎኑ ይገባል።

የካርቡሬተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የፊልትሮው ጎማ እስከ መጨረሻው መግባቱን በጣት ዙሪያውን ዳስሱ። ፋሼታውን እስኪይዝ አጥብቁ፤ ጎማውን እስኪቆርጥ አይደለም። የፋሼታው ጥርስ ያለበት ጎን ወደ ታች ይሁን። ላይ ከሆነ ውሃ ያቁራል፣ ይዝጋል፣ ሌላ ጊዜ አይፈታም።

በካርቡሬተሩና በኢንጂኑ መካከል ያለውን ጎማም እዩ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) እየሠራ ሳለ በትንሽ ስርንጅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቅ አለ። በፊልትሮው በኩል ይህ ሙከራ አይሠራም። ለእሱ ከሳምንት በኋላ ፊልትሮውን ፈትታችሁ የካርቡሬተሩን አፍ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ ከወጣ አፉ ያስገባል።

ከኢንጂኑ የሚወጣ መተንፈሻ ቱቦ ቀድሞ የፊልትሮ ቤቱ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ተንጠልጥሎ ከቀረ ጫፉን ከወንበሩ ሥር ወደ ላይ ወስዳችሁ እሰሩት፣ አፉን ወደ ታች አዙሩ። አትድፈኑት። ብዙ ሰው ይህን ቱቦ ይረሳውና «ዘይቴ ውስጥ ውሃ ከየት ገባ?» ይላል።

ደረጃ 6፦ ቤት ሥሩለት

ፊልትሮው የሚፈልገው ቤት ነው፤ ከረጢት አይደለም። ግድግዳው ከእሱ የራቀ፣ በሩ ግን ክፍት የሆነ ቤት።

በሩ በየት ይሁን? እንደ አቀማመጡ ነው።

ፊልትሮው ከወንበሩ ሥር ከሆነ ጣሪያ አለው፤ ወንበሩ ራሱ ጣሪያ ነው። የሚጎድለው የኋላ፣ የጎንና የታች ግድግዳ ነው። በሩን ወደ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር አድርጉት።

ፊልትሮው ወደ ጎን ወጥቶ ከታሰረ ጣሪያ የለውም። ከላይ፣ ከፊትና ከውጪ የሚከልል በቦይ ቅርጽ የተቆረጠ ጄሪካን ያስፈልገዋል። በሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሞተሩ አካል በኩል ይሁን።

አሠራሩ፦

1. ጄሪካኑን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ።
2. የደረጃ 2 ካርቶኖችን ልክ እስኪሆኑ እየቀነሳችሁ ቦታው ላይ ሞክሩ። ካርቶን ማበላሸት ከጄሪካን ይረክሳል።
3. ልኩን ጄሪካኑ ላይ አስምራችሁ ቁረጡ። የጄሪካኑን ማዕዘን ተጠቀሙበት፤ የታጠፈው ቦታ ጠንካራ ነው፣ አይርገበገብም።
4. በሁሉም አቅጣጫ ከፊልትሮው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ሁለት ጣት ካልገባ ጠቧል።
5. የበሩ ስፋት ከካርቡሬተሩ አፍ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። ከበዛ አይጎዳም።
6. የታችኛው ግድግዳ ላይ እርሳስ የሚያስገቡ ሦስት ቀዳዳዎች ብሱ። ቀዳዳ የሌለው ወለል ድስት ነው። ውሃ ያጠራቅምና ፊልትሮውን ይነክረዋል።
7. የተቆረጠውን ጠርዝ በሙሉ በከመነዳሪ ቁራጭ ልበጡት። የጄሪካን ጠርዝ በንዝረት ኬብል ይቆርጣል። የነዳጅ መስጫ ኬብል አስፋልት መሃል ሲበጠስ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።
8. እሰሩት። የድሮው የፊልትሮ ቤት ይታሰርባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ፍሬሙ ላይ ባዶ ናቸው፤ እነሱን ፈልጉ። በፍጹም ፊልትሮው ላይ አትሰሩ። ክብደቱና ንዝረቱ አፉን ያላላዋል።

ከማርሚታውና ከሲሊንደሩ አራት ጣት ያህል ይራቅ። መሪውን ዳር እስከ ዳር አዙሩ። ኬብል የሚነካ ነገር ካለ እንደገና ቁረጡ።

ይህ ደረጃ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይወስዳል። የመጀመሪያው ቁራጭ አይገጥምም። የእኔ ሦስተኛው ነው የገጠመው፤ ለዚህም ነው ከሰፈር ሱቅ ባዶ ጄሪካን ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ያዙ የምለው።

ደረጃ 7፦ ከኋላ ጎማው ለዩት

የኋላ ጎማ የሚረጨው ውሃ ቤቱንም እየዞረ ይገባል። ከመነዳሪውን ሁለት እጅ ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡና ከኋላው ፓራፋንጎ (ከጭቃ መከላከያው) የፊት ጫፍ ወደ ታች እንዲወርድ በሁለት ቡሎን እሰሩት። ልክ እንደ በር መጋረጃ፣ በጎማውና በፊልትሮው መካከል ይንጠልጠል።

አደጋው እዚህ ነው። ሞሎቹ (የኋላ ስፕሪንጎቹ) ሲጨመቁ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ሰው አስቀምጣችሁ ወንበሩን እየተጫናችሁ እዩ። ጎማው ወይም ሰንሰለቱ መጋረጃውን ከነካው አሳጥሩት። ሰንሰለት የያዘው ከመነዳሪ ጎማውን ያስረዋል፤ ያ መውደቅ ነው።

የፊት ፓራፋንጎም አጭር ከሆነ ታች ጫፉ ላይ አንድ መዳፍ ከመነዳሪ ጨምሩ። ኢንጂኑም ያመሰግናችኋል፣ ጫማችሁም።

ደረጃ 8፦ የጨርቅ ሸሚዝ፣ ከተገኘ

ለፊልትሮ ተብሎ የሚሠራ፣ ውሃ የሚያንሸራትት አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ሽፋን አለ። ካገኛችሁ በልኩ ግዙና አልብሱት። ካላገኛችሁ ተዉት። የዣንጥላ ጨርቅ ይሆናል የሚሏችሁን አትስሙ፤ አይተነፍስም፣ ከፌስታሉ አይለይም። በአፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ተንፍሱበት፤ እናንተ ከታፈናችሁ ኢንጂኑም ይታፈናል። የሴት ስቶኪንግ ጭቃና ቅጠል ይይዛል፣ ውሃ ግን አይከለክልም።

ደረጃ 9፦ ዝናብ ሳይመጣ ፈትኑ

በመጀመሪያ በደረቅ ቀን። መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡት። ከበፊቱ ከሰነፈ በሩ ጠቧል። ቤቱን አውርዳችሁ ያንኑ መንገድ ድገሙት፤ ልዩነት ካለ በሩን አስፉ።

ቀጥሎ ካንዴላውን። ከ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ሲበርድ ፍቱት። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ካለው ደህና ነው። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ከሆነ አየር አንሷል።

መጨረሻ ላይ ውሃ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ይዛችሁ ከኋላ ጎማው በኩል ወደ ቤቱ ርጩ። ወደ በሩ አትርጩ። ድምፁ ሳይለወጥ አንድ ሃይላንድ ካለቀ አጥፉና ፊልትሮውን በደረቅ ሶፍት ንኩት። ሶፍቱ ከረጠበ በየት እንደገባ ፈልጉ።

ላቫጆ ስትወስዱት ደግሞ ቁሙበት። በግፊት የሚረጭ ውሃ የትኛውንም ቤት ያልፋል። በዚያ ጊዜ ብቻ ፌስታሉ ሥራ አለው፦ ኢንጂኑ ጠፍቶ ሳለ። የሞተሩን ቁልፍ ፌስታሉ ላይ እሰሩት። ፌስታሉን ሳትፈቱ ማስነሳት አትችሉም። ውጪ አቁማችሁ ስታድሩም ይኸው ነው።

መንገድ ላይ

ካፊያ ከሆነ ዝም ብላችሁ ንዱ። ዶፍ ከሆነ ፍጥነት ቀንሱ፤ የጎማው ርጭት ከፍጥነት ጋር ይጨምራል። ከአይሱዙ ወይም ከአውቶቡስ ኋላ አትጣበቁ። እነሱ የሚያስነሱት ጉም በየትኛውም በር ይገባል።

የተኛ ውሃ ስታገኙ ከፊታችሁ ያለው ሞተር እንዴት እንደሚያልፍ እዩ። ውሃው ጎማው መሃል ያለውን ብረት ከነካ ተመለሱ። ካነሰ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳትለቁ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት እለፉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ከጎርፉ ሥር ሊኖር ይችላል፤ የማታውቁትን ዳር አትያዙ። በወረታ በኩል የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ይጥለቀለቃል። የሚንቀሳቀስ ውሃ ካያችሁ ፊልትሮው ቀርቶ እናንተም አታልፉም። ጠብቁ።

ሲበላሽ

ይቆራረጣል፣ ጥቁር ጭስ አለ፣ ግን አልጠፋም። ፊልትሮው ርሷል። ከመንገድ ውጡ፣ አጥፉ፣ ፈትታችሁ ጨምቁት። ትርፉ ካለ ቀይሩ። ጥጥ ከሆነ አራግፉት እንጂ አትጭመቁት። ያለ ፊልትሮ መንዳት ለኮረኮንች አይሆንም።

ውሃ ውስጥ ድንገት ጠፋ። እዚህ ላይ አንድ ትእዛዝ ብቻ፦ አታስነሱ። አንዴም አትሞክሩ። አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ ሞተሪኖው (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) ቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ሊያጣምመው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ፊልትሮ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቶርኖ ቤት ይሆናል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ገፍታችሁ ከውሃው አውጡ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፣ ቁልፉን አጥፉ።
2. እስኪበርድ ጠብቁ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ አርቁ።
3. ካንዴላውን ፍቱ። ፊታችሁን ከቀዳዳው አርቃችሁ የማስነሻ ፔዳሉን በእግር አሥር ጊዜ ያህል ርገጡ። ውሃ ካለ በቀዳዳው ይተፋል። ቁልፉ ጠፍቶ ይቆይ፤ ብልጭታ ካለ የሚወጣው ቤንዚን ሊቀጣጠል ይችላል።
4. ካርቡሬተሩ ታች ያለችውን ቡሎን ፈታ አድርጋችሁ ያጠራቀመውን በግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ ተቀበሉ። ወደ ብርሃን አዙሩት። ውሃ ካለበት ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ ሲንከባለል ታዩታላችሁ። ንጹሕ ቤንዚን እስኪወርድ ድገሙ።
5. ፊልትሮውን ጨምቁ፣ ካንዴላውን አድርቁ ወይም ቀይሩ።
6. የኢንጂን ዘይቱን እዩ። ወተት የነካው ቡና ከመሰለ አታስነሱ፤ በመኪና ጭናችሁ ዘይት ወደሚቀየርበት ውሰዱት። ከተቀየረ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ አሠርቶ እንደገና መቀየር አለበት።
7. ዘይቱ ደህና ከሆነ ብቻ በእግር አስነሱ።

ይነሳል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ውሃ ቀርቷል። ተራ ቁጥር 4ን ድገሙ። ተመልሶ ከመጣ ውሃው ታንከሩ ውስጥ ነው፤ የታንከሩን ክዳን ጎማ እዩ።

ፊልትሮው ደረቅ ነው፣ ግን ይቆራረጣል። ሁሉን ጥፋት ፊልትሮው ላይ አትጫኑ። የካንዴላው ኮፍያና ገመድ ሲርሱም ምልክቱ ይህ ነው። ጨለማ ቦታ አስነሱና ሳትነኩ እዩ። ገመዱ ዙሪያ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ጥፋተኛው እሱ ነው። አጥፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የተሰነጠቀ ኮፍያ ከሆነ ይቀየር።

ከዝናብ በኋላ በዚያው ማታ

ፊልትሮውን ፈትታችሁ ትርፉን እሰሩ። የረጠበውን ለነገ ብላችሁ አታሳድሩት፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ስፖንጁን ሳይቀድ አይለቅም። የቤቱን ቀዳዳዎች በስንጥር ጥረጉ፤ ዋልካ በአንድ ጉዞ ይደፍናቸዋል። ከመነዳሪው መጋረጃ የታሰረባቸውን ቡሎኖች በእጅ ሞክሩ።

ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱን እንደገና እዩ። ውሃ ካለ ሌሊቱን ወደ ታች ስለሚወርድ መለኪያው ላይ ላይታይ ይችላል። ከተጠራጠራችሁ የታችኛውን የዘይት ቡሎን ሩብ ዙር ብቻ ፈታ አድርጉ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሆነ ቁልፉን ኪሳችሁ መልሱና ዘይት ግዙ።